በጆንያ የመጣው አፈር

ባለፈው ቅዳሜ ጀሞ፣ ከብሎካችን ጥግ ካለው ጉልት ካሮት ልገዛ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ሻጯ ከስልጤ የመጣች ልጅ ናት፤ ደንበኛዋ ስለሆንኩ ደህና ደህናውን ትመርጥልኛለች። የዚያን ዕለት ግን የሚመረጥ አልነበረም። ካሮቱ ሁሉ ሁለትና ሦስት እግር አብቅሏል፤ ቀጫጭን ሥሮቹ ላይ እባጭ እባጭ ነገር ተደርድሯል። «እማማ፣ ዝናቡ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ጣዕሙ ያው ነው» አለችኝ። ዝናቡ አልነበረም። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ትል ነው። ልነግራት ፈለግኩና ተውኩት፤ ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆማ ስለ ትል የምታስተምር አሮጊት ማን ይሰማታል? ካሮቱን ገዝቼ፣ በየፎቁ እያረፍኩ ተሸክሜው ወጣሁና ማዕድ ቤት ውስጥ ዘርግቼ ሳየው ምሳዬን ረሳሁት። ለነገሩ ምሳ በላሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝም የለም። እኔና ያ ትል የድሮ ትውውቅ አለን።

ያኔ ጀሞ የጤፍ ማሳ ነበር። ዛሬ ታክሲ ለመሳፈር የምንጋፋበት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ከብት ይግጥ ነበር ብዬ ሳወራ፣ የጎረቤት ልጆች ተያይተው ይስቃሉ። ቤታችን ብስራተ ገብርኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ከላፍቶ ዝቅ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። አውቶቡሱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእግሬ እሄድና በሳንቲሟ ከመንገድ ዳር ትኩስ ዳቦ እገዛባታለሁ። የዚያን ዳቦ ጠረን አሁን ያሉት ዳቦ ቤቶች ሁሉ ቢሰበሰቡ አያመጡትም። አንዲት ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ፤ ታጥባ ቶሎ ስለምትደርቅ እሷኑ ነበር የማዘወትረው። እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ራሴ ላይ አፍሮ። ባለቤቴ ታደሰ አፍሮዬን ሲያይ «በሩን እናስፋው ይሆን?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በየሻይ ቤቱ ራዲዮ ይጮኻል፤ የሰልፉ መዝሙር ያልቅና የፍቅር ዘፈን ይከተላል። መዝሙሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ አስተናጋጇ እንኳ ቀስ ብላ ትራመዳለች። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ ሲከፈት መውረጃዬን አልፋለሁ።

ግቢው ውስጥ አንድ ሰፊ የመስታወት ቤት ነበር፤ የሚበቅልበት ትምባሆ ብቻ ነው። ኃላፊያችን አቶ ሰይፉ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ላይ «ጓድ ሰይፉ» ሲባሉ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ብለው ያያሉ። ሥራችን ይሄ ነበር። ደቡብ፣ ከአንድ ሐይቅ ማዶ ሰፊ የመንግሥት የትምባሆ እርሻ አለ። የዚያ እርሻ ትምባሆ መታመም ጀመረ። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ እግሩ ሥር ውኃ እየሄደለት ቀን ቀን ይጠወልጋል። ሲነቀል ሥሩ በሙሉ ዕጢ ነው፤ ትሉ ገብቶ ተኝቶበታል፤ ተክሉ የሚጠጣውን ውኃ እሱ ይጠጣበታል። መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ያኔ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የሚባለውን ነገር በወሬ እንጂ በዓይኑ ያየ አልነበረም። ስለዚህ ትሉ የማያሸንፈው ትምባሆ መፈለግ ነበረብን። አቶ ሰይፉ ከየአገሩ የትምባሆ ዘር አስመጡ። እኛ መጀመሪያ የግቢውን አፈር በበርሜል ቆልተን፣ ያለበት ተባይ ሁሉ ሲያልቅ፣ ችግኙን እዚያ ላይ እናፈላለን። ችግኙ ጠንከር ሲል ከደቡብ በጆንያ ወደመጣው የታመመ አፈር እናዛውረዋለን። ከሳምንታት በኋላ እንነቅለውና ሥሩን አጥበን እናያለን። ተክሉ መዳኑን ለማወቅ መንቀል ግድ ነው፤ ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ስንቱ ከሥሩ አልቆ ተገኝቷል።

አንድ ነገር ስናገር የማያምነኝ ሰው ብዙ ነው፤ የትምባሆ ችግኝ የሚነካ እጅ በወተት ይታጠባል። አጫሽ ሰው በጣቱ ላይ ከሲጋራው ይዞት የሚመጣው በሽታ አለ፤ ችግኙን አንዴ ከነካው ቅጠሉ ተዥጎርጉሮ ይቀራል። ወተት ያን በሽታ ከእጅ ላይ ያጠፋዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የዱቄት ወተት በሳፋ ይበጠበጣል፤ ሁላችንም ተራ በተራ እጃችንን እንነክራለን። ውጭ ደግሞ ሰው ለልጁ ወተት ፍለጋ ሕብረት ሱቅ ደጃፍ ይሰለፋል። አብራኝ የምትሠራው እትዬ ሙሉ የአራት ልጆች እናት ነበረች። እጇን ሳፋው ውስጥ ባስገባች ቁጥር «እኔ ቤት ያልገባውን ወተት ቅጠል ይጥገበው» ትላለች፤ አንዳንዴ እየሳቀች፣ አንዳንዴ ሳትስቅ።

ታደሰን ያገባሁት የመስታወት ቤቱን ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ነው። እሱ የትምባሆ ማድረቂያ ቤቶችን እሳት የሚቆጣጠር ሠራተኛ ነበር፤ ቅጠሉ ምን ያህል ሙቀት እንደሚበቃው በአፍንጫው ያውቃል። ገና የሠርጋችን ድንኳን ዕዳ ሳይከፈል ወደዚያ ደቡብ እርሻ ተመደበ። ያኔ ሰው ተመደበ ከተባለ ተመደበ ነው። እኔ አብሬው እንዳልሄድ፣ እዚያ ለሴት ያለው ሥራ ቅጠል ለቀማ ብቻ ነው ተባለ፤ አቶ ሰይፉም ሊለቁኝ አልፈለጉም። ታደሰ በዓመት ሁለቴ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ ይመጣል። ማንጎ በቅርጫት ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ሸሚዙ ሁሉ ትምባሆ ትምባሆ ሸትቶ ይመጣል። እዚያ ሄዶ ማጨስ ለምዶ ነበር። ፈቃዱ አልቆ በሄደ ማግስት ሥራ ስገባ እጄን ወተቱ ውስጥ እነክራለሁ፤ ጣቶቼ ላይ የቀረችው የእሱ ሽታ እዚያ ሳፋ ውስጥ ትቀራለች። አንድ ጊዜ እጄን ሳልነክር ሳፋው ላይ ስቆም እትዬ ሙሉ አይታኝ ዘወር አለችልኝ።

ብስራተ ገብርኤል ያለችው ክፍላችን ለሁለት ሰው ትጠባለች እያልን የተከራየናት ናት፤ ለአንድ ሰው ግን ሰፊ ሆነችብኝ። የምበላውን ለአንድ ሰው መሥራት አልለምድ ብዬ፣ ሁልጊዜ ይተርፈኝና ጠዋት ያንኑ እበላለሁ። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ስለነበረ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው ስብሰባ ሲያማርር እኔ ቢያንስ ከጎኔ ሰው ተቀምጧል እላለሁ። ከታደሰ ጋር የሚያገናኘኝ ያ የአፈር ጆንያ ነበር። ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ አፈሩን ጭኖ ሲመጣ ከመኪናው ሳይወርድ «ደህና ነው፣ ወፍሯል፣ ሰላም ብሎሻል» ይለኛል። ሦስቱን ቃል ሁሌም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚናገረው፤ ታደሰ ግን ወፍሮ አያውቅም። ጆንያው ሲፈታ አፈሩ ሞቃት፣ እርጥብ፣ የሐይቅ ጭቃ የሚሸት ነው። ይሄ አፈር ታደሰ የረገጠው ነው እያልኩ በጣቴ ፈጭቼ ወደ ችግኝ ጣሳዎቹ እሞላዋለሁ። ሰው ይታዘበኛል ብዬ እንጂ ጥቂት ቋጥሬ ቤቴ ብወስድ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ከተለመደው ሰላምታ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ትሉ በዚሁ ከቀጠለ እርሻው ሊዘጋ ነው፣ የማድረቂያ ሠራተኞቹም ወደ አዲስ አበባው የሲጋራ ፋብሪካ ይመለሳሉ የሚል ወሬ አለ አለኝ። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከትሉ ጋር ወገንኩ። በሕይወቴ ስንቱን እንድደግፍ በሰልፍ ታዝዣለሁ፤ በገዛ ፈቃዴ የደገፍኩት ግን ያን ትል ነው። አንድ ተክል በተነቀለ ቁጥር ሥሩ ዕጢ ሆኖ ሲገኝ አቶ ሰይፉ ይተክዛሉ፤ እኔ ደግሞ በልቤ ታደሰን በአውቶቡስ አንድ ፌርማታ አቀርበዋለሁ። ሥራዬን ግን አላጓደልኩም። ውኃውንም፣ ጥላውንም በሰዓቱ እሰጥ ነበር፤ ትሉ ከእኔ እርዳታ ሳይፈልግ ያሸንፋል ብዬ ነው።

ነገሩን ሁሉ የለወጠችው ተክል የተነቀለችው በጥቅምት ፀሐይ ነው። አቶ ሰይፉ ዋናው መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ተጠርተው ስለነበር፣ የደረሱትን ጣሳዎች እንድንነቅልና ሥራቸውን አይተን እንድንነግራቸው አዘውን ሄዱ። ገና መሥራት ስንጀምር ሕብረት ሱቅ ስኳር ገባ የሚል ወሬ መጣ። ስኳር ገባ ከተባለ ደግሞ ግቢው ውስጥ ዘበኛም አይቀርም። እትዬ ሙሉ የእኔንም ተራ ልትይዝልኝ ኩፖኔን ተቀብላ ሮጠች። ብቻዬን ቀረሁ። እነቅላለሁ፣ ሳፋው ውስጥ አለቀልቃለሁ፣ አያለሁ፣ እጥላለሁ። ሥሩ ሁሉ ዶቃ እንደተሰካበት ክር ነው። በየተራ ስጥል ስጥል፣ ከመካከለኛው ረድፍ አንዷን ነቅዬ ውኃው ውስጥ ሳደርጋት ሥሯ ተበተነ። ነጭ። ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንዲት እባጭ የሌለበት። ውኃ ለወጥኩና ደግሜ አጠብኳት። ከጎኗ የነበረችው፣ ከዚያው ጆንያ አፈር የተሞላላት፣ ዕጢ ያልወረሰው ቦታ አልነበራትም፤ እሷ ግን ትሉ ያላያት ትመስላለች።

አቶ ሰይፉ አንድ ጊዜ ነግረውን ነበር። እንዲህ ያለ ተክል ከተገኘ ትሉ ሳይገባበት ቀርቶ አይደለም። ይገባል፤ ግን የገባባትን ትንሽ ቦታ ተክሏ ራሷ ታደርቃታለች፤ ትሉ የሚበላው አጥቶ እዚያው ይሞታል። እጄ ላይ ይዣት ቆምኩ። አጠገቤ የተጣሉት ተክሎች ክምር አለ፤ እዚያ ላይ ጣል ባደርጋት ከሌሎቹ የሚለያት የለም። እርሻው ይዘጋል፤ ታደሰ ይመጣል፤ ይሄው ነው። እስቲ ትንሽ ላስብ ብዬ ቆምኩ። ፀሐዩ በመስታወቱ ያቃጥላል፤ ሥሯ እጄ ላይ መጠውለግ ጀመረ፤ ጫፉ ሲኮማተር አየሁት። ለካ ለዓመታት ችግኝ ያዛወረ እጅ ይህን ማየት አይችልም። አስቤ የወሰንኩት ነገር የለም፤ ዞር ብዬ ስመለከት የተቆላ አፈር ያለበት ጣሳ ውስጥ ተክያት ውኃ እያጠጣኋት ነው። ከተከልኳት በኋላ ነው ያለቀስኩት። ለጀግንነት የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ ለቅሶው የንዴት ነበር።

አቶ ሰይፉ ከሰዓት በኋላ ሲመጡ «አንዷ ሥሯ ነጭ ነው» አልኳቸው። ጣሳውን ከበው ዞሩ፤ አፈሩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ፤ ከዚያ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጡ። የደስታ ጩኸት ጠብቄ ነበር። «አስካለ፣ ባልሽ የት እንዳለ አውቃለሁ» አሉኝ። «ባትነግሪኝ አልቀየምሽም ነበር።» ይህን ሲሉኝ ይበልጥ ተናደድኩ፤ ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ያቺን ተክል እንደ አራስ ነው የጠበቅናት። ቁመቷ ከእኔ በለጠ፤ አናቷ ላይ ሐምራዊ የመሰለ ቀላ ያለ አበባ ሊፈነዳ ሲል፣ የሌላ ተክል የአበባ ዱቄት እንዳይነካት በወረቀት ከረጢት ሸፈንኳት። እትዬ ሙሉ «ሙሽሪት» አለቻት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ። የትምባሆ ዘር ጤፍ ከባድ ነው የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ሲያስነጥሱ ይበናል። ዘሯን ለቅመን እንደገና ዘራን፤ ልጆቿም የልጅ ልጆቿም በታመመ አፈር ላይ ሥራቸው ነጭ ሆኖ ተነቀሉ። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ አፈር ባመጣበት መኪና ዘር ይዞ ተመለሰ። ዘሩን ጋቢናው ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ጆንያ አልመጣም፤ ስለዚህ ሰላምታውም ቀረ።

በተከታዩ ፋሲካ ታደሰ ሲመጣ ዓይኑ በርቶ ነበር። የበግ ሥጋው ሳይቀርብ ስለ አዲሱ ትምባሆ ማውራት ጀመረ። አሮጌው ማሳ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ አዲሱ መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ሊለቁ የነበሩ ለቃሚ ሴቶች መመለሳቸውን፣ የማድረቂያው እሳት እንደገና ቀንና ሌሊት መንደዱን እየተቻኮለ ነገረኝ። እኔ ነኝ የነቀልኳት፣ እኔ ነኝ የተከልኳት አልኩት። ብድግ ብሎ እጄን ሳመኝ። ምነው እንዲህ አደረግሽብን ይለኛል ብዬ ፊቱን አየሁ። አላለኝም። ደግ ሰው ስለሆነ ነው፣ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው አልኩ፤ ይሄን ደግነቱን ለስንት ዓመት ሳመሰግንለት ኖርኩ።

ዓመታቱ እንዴት እንዳለፉ አሁን ሳስበው የማስታውሰው ትንንሹን ነው። መስቀል ሲቃረብ መጋረጃ ማጠቤን፣ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ክርስትና ሲያስነሱ ስጦታ ይዤ መሄዴን፣ ስመለስ ቁልፉን በሩ ላይ ሳዞር የሚሰማው ድምፅ ቤቱን ሙሉ መሙላቱን። አልወለድንም። በዓመት ሁለቴ የሚገናኙ ሰዎች ልጅ ካልመጣላቸው ዕድል ነው ይባላል፤ እኔ ግን ዕድል አላልኩም፤ ሙሽሪት ነው ያልኩት። በየመንገዱ ያየሁት ሕፃን ሁሉ ያቺ ተክል ያስቀረችብኝ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋ ወደ መስታወት ቤቱ ስገባ ጥግ ላይ የቆሙትን የእሷን ዘሮች ሳላይ ማለፍ ለመድኩ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ እርሻውም በሌላ በሌላ ምክንያት ሥራው ቀዘቀዘ። ታደሰ አንድ ሻንጣና ደረቅ ሳል ይዞ ለአንዴም ለሁሌም መጣ። ከመጣ በኋላ የቆየልኝ ጥቂት ክረምት ብቻ ነው። ቀን ቀን ደጃፋችን ላይ ወንበር አወጣለትና ፀሐይ ይሞቃል፤ ያለፈ ያገደመውን ጎረቤት ይዞ የእርሻውን ወሬ ያወራል። አንድ ረፋድ፣ ፊት ለፊታችን የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪን ይዞ ስለዚያ ትምባሆ ያወራ ጀመር። ትል የማይደፍረው ዘር፣ ከሚስቴ እጅ የወጣ እያለ ይኩራራል። ሰውዬው እንደሄዱ፣ ምስር እየለቀምኩ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ከአፌ ያልወጣውን ተናገርኩት።

«ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ እርሻው ይዘጋ ነበር» አልኩት። «ትመጣልኝ ነበር። ልጅ እንወልድ ነበር።»

ወንበሩን ከፀሐዩ ዘወር አደረገ።

«አስኩ፣ ተክሏ ሳትገኝ በፊት ጠይቀውኝ ነበር» አለኝ። «ፋብሪካው ሰው ይፈልጋል፣ ከፈለግክ ተመለስ አሉኝ። እዚሁ ይሻለኛል አልኳቸው።»

ምስሩን አስቀመጥኩት። እየተቆራረጠ አስረዳኝ። እዚያ የማድረቂያ ቤቶቹ የእሱ ነበሩ፤ እሱ ካላሸተተ ቅጠል አይወጣም፤ ሰው ሲያልፍ ብድግ ይልለታል። እዚህ ቢመጣ ማሽን ሥር ከሚቆሙት አንዱ ነው የሚሆነው። አንድ ዓመት ብቻ ልቆይ ብሎ ነው የጀመረው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ሌላ ዓመት እየወለደ ሄደ። ሌላ ሴት እንደሌለ ደግሞ ማለልኝ፤ አመንኩት። ሌላ ሴት ብትኖር ይቀለኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መጠበቁን ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ። «እዚያ ብቻዬን የቻልኩት አንቺ እዚህ ትጠብቂኛለሽ እያልኩ ነው።»

እኔ ደግሞ የቻልኩት መምጣት እየፈለገ ከለከሉት እያልኩ ነው። ይህን ልለው ስል ሳሉ ተነሳበት። ውኃ ላመጣለት ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ብርጭቆውን ሞልቼ ከበሩ ጀርባ ስደርስ ቆምኩ። ሳሉ በረድ አለለትና «አስኩ» ብሎ ተጣራ። አሁን ደግሞ እሱ ትንሽ ይጠብቀኝ ብዬ ከበሩ አልወጣሁም።